የወገብ ዲስኮችን ክብና እኩል አድርገው አይቁረጡ

ጥያቄዎ ለተማሪዎችዎ የወገብ አከርካሪ ሞዴል ሲሠሩ በአምስቱም ዲስኮች (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ትራሶች) ቦታ 4 ሴንቲሜትር ስፋትና 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው ክብ ጎማዎች ቢገቡ ያስኬድ እንደሆነ ነው። አያስኬድም፤ እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬው ሥራዬን እንደገና ጀምሬያለሁ።

ለሕክምና ተማሪዎች የአጥንት ሞዴል ስሠራ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ የተሰጠኝ የደረቀ የአከርካሪ አጥንት ነበር። ከደረቀ አጥንት ጋር ዲስክ አይገኝም፤ በየክፍተቱ የሚገባውን ራሴ መቁረጥ ነበረብኝ። በኮምፓስ እየለካሁ ከወፍራም ጎማ አምስት እኩል ክቦች አወጣሁ፤ ከአጥንቶቹ ጋር እያፈራረቅኩ ሽቦ ላይ ሰካኋቸው። ሳቆመው እንደ አጥር እንጨት ቀጥ አለ። ወገባችን ላይ ወደ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ጨርሶ የለም። በዚያ ላይ ክቦቹ የአጥንቱን ግራና ቀኝ ሳይሸፍኑ ቀርተው፣ ከኋላ ደግሞ ተርፈው የነርቮቹን ቦይ አጥብበውታል።

ዲስኩ ከላይ ሲታይ ኩላሊት ይመስላል። በአዋቂ ሰው ከጎን ወደ ጎን ከ4.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ ግን 3.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በቦዩ በኩል ያለው ጠርዙ በትንሹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የመጨረሻው ዲስክ ብቻ ከኋላም ለጥ ያለ ወይም ትንሽ የወጣ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ውፍረቱ ላይ ነው። የላይኛው የወገብ ዲስክ ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ያለው 11 ሚሊሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራሙ እሱ ነው። አንዱ ዲስክ ራሱም ቢሆን ዙሪያውን እኩል አይደለም፤ ፊቱ ከኋላው ይበልጣል። የመጨረሻው፣ ከወገብ በታች ካለው ሦስት ማዕዘን አጥንት ላይ የሚያርፈው፣ ጭራሽ ሽብልቅ ነው፤ የፊትና የኋላ ልዩነቱ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር ይሆናል። ያንን አንዱን ብቻ በቢላዋ አጋድሜ ቆርጬ ስመልሰው አምዱ በራሱ ወደ ኋላ ተለመጠ። ሽቦውን አልነካሁም። አምስተኛው አጥንትም ከኋላ 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያጥር ያግዘዋል፤ አጥንቶቹን ከሸክላ የሚሠሩ ከሆነ ይህንንም ልብ ይበሉ።

የአጥንቶቹ ገጽ መሐሉ ላይ ትንሽ ስለሚጎደጉድ ዲስኩ እንደ ማጉያ መነጽር መሐሉ ወፈር ይላል። ጠርዙን ብቻ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው መሐሉን ያሳንሰዋል።

ከዲስኮቹ አንዱን ከፍተው ውስጡን ማሳየት ከፈለጉ፣ መሐሉ ለስላሳና ውኃ የበዛበት እምብርት ነው፤ ዙሪያውን ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ ንብርብሮች ከበውታል። በእያንዳንዱ ንብርብር ያሉት ክሮች ከአግድም 30 ዲግሪ ገደማ ያጋድላሉ፤ ቀጣዩ ንብርብር በተቃራኒው። እኔ ሰንበር ያለው ጨርቅ እያገላበጥኩ በመጠቅለል ሠርቼዋለሁ፤ አሰልቺ ሥራ ቢሆንም ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚነኩት እሱን ነው። እምብርቱን ልክ መሐል ላይ አያስቀምጡት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያስጠጉት፤ የኋላውን ግድግዳም ከፊቱ ይልቅ ያሳሱት። አንዱ ተማሪ ዲስክ ለምን ወደ ነርቭ በኩል እንደሚያፈተልክ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በጣትዎ ያሳዩታል።

ለአንድ ሚሊሜትር ግን አይጨነቁ። ዲስክ ቀን በሸክም ውኃ ያጣል፣ ሌሊት መልሶ ይመጥጣል፤ ሰው ጠዋት ሲነሣ ከምሽቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚረዝመው በዚህ ነው። ጎማዎቹን ሲያጣብቁ ሙጫውን ከታችኛው አጥንት ጋር ብቻ ያድርጉ፤ የላይኛው ገጽ ነጻ ከሆነ ሞዴሉ ይነቀላል፣ ሽብልቁንም አውጥተው በእጅ ማቀባበል ይችላሉ።