ክላስ ልግባ ወይስ ብቻዬን ልሥራ? ከሴቶች ጂም ደጃፍ የመጡ ጥያቄዎች

መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ባሕር ዳር ስፖርት ትዝ ይላታል። የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁም ሁሉም የጂም ናቸው።

«ሁለት ዓመት ብቻዬን ብረት ስገፋ ቆይቻለሁ። የማነሳውን በደብተር እጽፋለሁ። ጓደኛዬ ለሴቶች ብቻ የሆነ፣ በክላስ የሚያሠራ ጂም ገብታ ‹ነይ› እያለች ትነዘንዘኛለች። ልግባ?» (ከቀበሌ 14)

ደብተር የምትይዢ ከሆነ ክላሱ ብቻውን የሚያረካሽ አይመስለኝም። ጡንቻ የሚጠነክረው ሸክሙ ቀስ በቀስ ሲጨምርበት ነው። ከባድ ብረት ካነሳሽ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማረፍ አለብሽ። ክላስ ውስጥ ሃያ ሴት በአንድ ሙዚቃ ነው የሚንቀሳቀሰው። 30 ሰከንድ እረፍት ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ። ልብና ሳንባሽ ይጠቀማሉ፣ ላብሽም ይንጠፈጠፋል፤ ስኳትሽ (ብረት ተሸክመሽ ቁጭ ብድግ የምትይው) ግን ባለበት ይቆማል።

እኔ ራሴ አራት ወር ክላስ ገብቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ያነሳኋት ባለ 3 ኪሎ ሮዝ ዳምቤል (በአንድ እጅ የምትነሳ ብረት) በመጨረሻውም ቀን እጄ ላይ ነበረች። «ከፍ አድርጊ» ያለኝ ሰው የለም፤ አሰልጣኟ «በርቱ! አራት ቀረን!» እያለች የሁላችንንም እግር ታያለች እንጂ የማንን ዳምቤል ታይ? ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በአራቱ ወር የቀረሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ቤቴ ብቻዬን ስሠራ ሰማዩ ካጉረመረመ ፕሮግራሙ ይሰረዛል።

ስለዚህ የሦስት ወር ከመክፈልሽ በፊት በቀን ሒሳብ ግቢና ሞክሪው። ከክላስ ሰዓት ውጭ መሣሪያ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። መደርደሪያው ላይ ያለው ትልቁ ዳምቤል ስንት ኪሎ እንደሆነም በዓይንሽ እዪ፤ ከ5 ካላለፈ ቤቱ ላንቺ አልተሠራም። የሚፈቅዱልሽ ከሆነ ሁለት ቀን በደብተርሽ፣ አንድ ቀን ከጓደኛሽ ጋር ሥሪ። የነዝናዛ ጓደኛ ጥቅሙም ይኸው ነው።

«‹ለሴቶች ብቻ› የሚል አይቼ ከፈልኩ። ስገባ አሰልጣኙ ወንድ ነው። ሂጃቤን ሳላወልቅ ሠርቼ ወጣሁ። አካብጄ ይሆን?»

ኧረ ምንም አላካበድሽም! እነሱ «ሴቶች ብቻ» ሲሉ ደንበኞቹን ማለታቸው ይሆናል፣ አንቺ የገባሽ ግን ቤቱ በሙሉ ነው። «ገንዘቤን መልሱ» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሌላ ቦታ ስትሄጂ በባዶ ሰዓት ሳይሆን ክላሱ በሚካሄድበት ሰዓት ሂጂ። አሰልጣኟ ስትቀር ማን እንደሚተካት ጠይቂ። መስታወቱ ከመንገድ ያሳያል? ውስጥ በስልክ መቅረጽ ይፈቀዳል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

«ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። የጠዋት 12 ሰዓት ክላስ ይሻለኛል የማታ?»

የማታው። ጠዋት ሠርተሽ እስከ 9 ውሃ እንኳ ሳትቀምሺ መዋል ያደክምሻል፣ በተለይ በመጋቢት ሙቀት። በ9 ሰዓት ብይ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይተሽ ግቢ። 55 ቀን ረጅም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከገበታሽ አይጥፉ። የጣና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ።

«58 ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ያመኛል። ልጄ ዙምባ ግቢ ትለኛለች።»

እናቴ፣ ዙምባ በሙዚቃ እየጨፈሩ የሚሠራ ስፖርት ነው፤ ዝላዩ ይቅርብዎ። ልጅዎ ክፉ አላሰበችም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው የሚመክረው። ግን 150ው በዙምባ ይሁን ያለ የለም። ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ እያወሩ መራመድ በሚችሉበት ፍጥነት ይሂዱ። ቤት ሲመለሱ ከማይንሸራተት ወንበር ላይ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ ካስፈለገ ጠረጴዛ ይደገፉ። ክላሱ ካማረዎት አሰልጣኟን «ሳልዘል የምሠራው አሳዪኝ» ይበሏት፤ ማሳየት ካልቻለች ይውጡ። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስዎት ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።