ለሁለት ባለ 100 አምፒር ባትሪ 3000 ዋት ኢንቨርተር አትግዛ

«ሁለት ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ጄል ባትሪ አለኝ፤ በ12 ልዘርጋው ወይስ በ24? 3000 ዋት ኢንቨርተር በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ለአምፖል፣ ለቲቪና ለትንሽ ፍሪጅ ይሆነኛል?» ላልከው ወንድማችን፦

በ24 ዘርጋው። ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ) ግን ተወው።

ሁለቱ ባትሪዎች በ12ም ተገናኙ በ24 የሚይዙት ያው 2400 ዋት ሰዓት (2 × 12 ቮልት × 100 አምፒር ሰዓት) ነው። ጄል ባትሪ እንዲቆይልህ ከግማሽ በታች አታውርደው፤ 1200 ቀረ። ኢንቨርተሩ ራሱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሚበላ እጅህ የሚገባው 1000 ገደማ ነው። አምስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 225፣ ቲቪ ከነዲኮደሩ 65 ዋት ቢወስድ ለ5 ሰዓት 325፤ ከግማሽ በላዩ ሄደ። ፍሪጁን ፀሐይ ባለበት ሰዓት ብቻ አሠራው፤ ሌሊቱን አይችልልህም። ምጣድና ስቶቭማ አይታሰብም።

ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ይበላል። በባዶው 20 ዋት የሚወስድ ከሆነ ቀንና ሌሊት ክፍት ሲውል 480 ዋት ሰዓት ጠፋ፣ ማለትም የቲቪህና የአምፖልህ ድርሻ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደግሞ በርካሽ ዕቃ ላይ የሚጻፈው 3000 ብዙውን ጊዜ ለቅጽበት የሚችለው ነው እንጂ ዘወትር የሚሰጠው አይደለም። አንተ የሚያስፈልግህ ዘወትር 1000፣ ለቅጽበት 2000 የሚሰጥ ባለ 24 ቮልት ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመር መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) ነው። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ በሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ (ሞገዱ ደረጃ ደረጃ በሆነው ርካሽ ዓይነት) ደግሞ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ውሎ አድሮ ሊቃጠል ይችላል።

24 ያልኩህ ለገመዱ ነው። 1000 ዋት በ12 ቮልት ወደ 95 አምፒር ይስባል። ገመዱ 10 ሚሜ ካሬ ሆኖ 2 ሜትር ሄዶ 2 ሜትር ቢመለስ 0.7 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከባትሪው 12.2 የወጣው ኢንቨርተሩ ጋ 11.5 ሆኖ ይደርስና ማስጠንቀቂያው ያለጊዜው ሊጮኽ ይችላል። ሰውም «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አዲስ ይገዛል! በ24 ግን 47 አምፒር ገደማ ስለሆነ 16 ሚሜ ካሬ ይበቃል፤ ከ2 ሜትር አታስረዝመው። ጫፉ ላይ ካፒኮርዳ (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ ያለው ብረት) በደንብ ይጨመቅ፤ በፒንሳ ጠምዝዞ ማሰር ይግላል፣ የባትሪውንም ጫፍ ያቀልጠዋል።

አገናኙ ቀላል ነው፦ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር፤ የቀሩት ሁለት ጫፎች ወደ ኢንቨርተር። ፊውዙን 63 አምፒር አድርገህ ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አስቀምጠው፣ ኢንቨርተሩ ጋ አይደለም፤ ሾርት የሚያደርገው መሀል ያለው ገመድ ነውና። የቤት ኤሲ ብሬከር አትጠቀም፤ የዲሲን (ከባትሪ የሚወጣውን ኃይል) ብልጭታ ቶሎ አያጠፋውም።

ከመግጠምህ በፊት ግን ሁለቱንም ለየብቻ ሙላቸውና ጥቂት ሰዓት አሳርፈህ በቴስተር ለካ። ሁለቱም 12.8 አካባቢ ቢሆኑ ጥሩ፤ ልዩነቱ ከ0.2 ካለፈ አንዱ ደክሟል ወይም አልሞላም። እንዲሁ ከገጠምካቸው ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ጠንካራው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። በዚሁ ምክንያት «ለሬዲዮ 12 ይበቃኛል» ብለህ ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስመር አታውጣ። ሁለት ጥሩ ባትሪ ከሚገድሉት አንዱ ይህ ነው።

ፓኔል 400 ዋት ይበቃሃል፤ በክረምት ግን ፍሪጁን ቀንሰው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን አገናኝ፤ ስታላቅቅ በተቃራኒው። የባትሪውን ዓይነት ጄል ላይ ማድረግህን እይ። ኢንቨርተሩን ደግሞ ኮንትሮለሩ ላይ የአምፖል ምልክት ካለበት መውጫ እንዳትሰካው፤ ያ መውጫ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 20 አምፒር ብቻ የሚችል ነው፣ ቀጥታ ከባትሪው ይሁን።