የጉድጓዴ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ማጣሪያ ማሽን ልግዛ?

«ከመቂ አካባቢ ነኝ። ሩብ ሄክታር ሽንኩርት በጉድጓድ ውሃ አለማለሁ። ዘንድሮ የቅጠሉ ጫፍ እየተቃጠለ፣ ራሱም አላድግ አለ። ውሃውን ሳስመረምር ኢሲው 3 ነው ተባልኩ። አንድ ነጋዴ ጨው የሚያወጣ ማሽን አለ፣ በሬዎችህን ሽጠህም ቢሆን ግዛ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ በሬዎቹን አይሽጡ። ማሽኑ ይሠራል፣ ነጋዴው በዚህ አልዋሸም። ለሽንኩርት ማሳ ግን ሒሳቡ አያዋጣም።

ኢሲ ውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው መለኪያ ነው። ሽንኩርት ጨው ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ነው። የመስኖው ውሃ ከ0.8 ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። አፈሩ ረጥቦ እያዩት ተክሉ ይጠማል፤ ጨው ውሃውን ስለሚይዝበት ሥሩ መሳብ ያቅተዋል።

ማሽኑ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይባላል። ውሃ በተፈጥሮው ስስ ሽፋንን አልፎ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። ማሽኑ በኃይለኛ ግፊት ወደኋላ ይመልሰዋል። ሜምብሬን የሚባለው ሽፋን ውሃውን ያሳልፋል፣ አብዛኛውን ጨው ያስቀራል። ለባሕር ውሃ ከ55 ባር በላይ ግፊት ያስፈልጋል፤ እንደ እርስዎ ላለ ጉድጓድ ከ10 እስከ 20 ባር ይበቃል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። በሞቃት ወቅት ማሳዎ በቀን 12 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። ኢሲውን 0.8 ለማድረስ 9 ሜትር ኩብ የተጣራ ከ3 ሜትር ኩብ የጉድጓድ ውሃ ጋር ይደባልቃሉ። 9 ለማግኘት ደግሞ 12 ያህል ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሩቡ በየቀኑ ተመልሶ ይወጣል። የሚወጣው ጨዋማነቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ኢሲው 12 አካባቢ። እሱን የት ያፈሱታል? ማሳዎ ዳር ካፈሰሱት ሄዶ ሄዶ ጉድጓድዎ ውስጥ ይገባል፤ የጎረቤትዎም ውስጥ። አፋር ውስጥ አሚባራ ላይ ጨው ያነጣውን የጥጥ መሬት ያየ ሰው ይህን አቅልሎ አያየውም። እዚያ ማጣሪያ ማሽን አልነበረም፤ መስኖው በቂ ማንጣፈፊያ ስላልነበረው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጨውን ይዞ ወጣ። አንዴ እንዲህ የሆነ መሬት ቶሎ አይመለስም።

የሜምብሬኑም ጣጣ አለ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙ ጊዜ ሲሊካ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን ሟሙቶ ይበዛበታል። ኖራ ሽፋኑ ላይ ሲጋገር በአሲድ ታጥቦ ይለቃል፤ ሲሊካ ግን እንደዚያ አይለቅም። በረኪና የገባበት ውሃ ደግሞ ሽፋኑን ራሱን ይበላዋል። መብራትና መለዋወጫ ሲጨመር ወጪውን እንደ አበባ ያለ ውድ ምርት ይችለው ይሆናል፤ ሽንኩርት አይችለውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሰብሉን ይቀይሩ። ቲማቲም በኢሲ 3 ምርቱ አምስተኛውን ያህል ይቀንሳል፤ ከሽንኩርቱ ኪሳራ ጋር አይወዳደርም። ቀይ ሥር ብዙም አይጎዳም። ዙኩኒ ጭራሽ አይሰማውም፤ ገበያ ካገኙለት የኔ ምርጫ እሱ ነው። ፎሶሊያና ካሮት ግን እንዳይሞክሩ፣ እንደ ሽንኩርቱ ናቸው። ሽንኩርት የግድ ካሉ የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ካጠበ በኋላ ይትከሉ፤ ችግኙን የዝናብ ውሃ አጠራቅመው ያሳድጉ። ውሃው ወደታች የሚሰርግበት መሬት ከሆነ በየመስኖው ትንሽ ጨምሮ ማጠጣት ጨውን ከሥር በታች ይገፋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያሠሩ። ሶዲየሙ ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? በእኛ አካባቢ ሶዲየም ብዙ ጊዜ ያይላል። ካየለ አፈሩ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ውሃ አላስገባም ይላል። ያኔ ጂፕሰም ያስፈልግዎታል፤ መጠኑን ውጤቱን አይቼ እነግርዎታለሁ።

እዚያው ናሙና ላይ ፍሎራይድም ያስለኩ። ልጆች ከዚህ ጉድጓድ ይጠጣሉ? በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ካለፈ ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል። ውሃ ማፍላት አያወጣውም፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ግን አብዛኛውን ያወጣዋል። ለቤት የሚሆን ትንሿን ማሽን ነጋዴው ካለው፣ ዋጋዋን የሚጠይቁት ያኔ ነው። ከብቶቹ በኢሲ 3 ውሃ አይቸገሩም፤ ፍሎራይዱ ከ2 ካለፈ ግን ለእነሱም ሌላ ውሃ ይፈልጉላቸው፣ በተለይ ለጥጆቹ።