የተዘፈዘፈ ሥጋ ፍም ላይ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ የበሬ ሥጋ በሎሚ ጭማቂ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፌ ካሳደርሁ በኋላ በእንጨት ስንጥር ሰክቼ ከሰል ላይ እጠብሳለሁ። ሆኖም ውጩ ግራጫ እንደሆነ ይቀራል፣ ሲታኘክም ይደርቃል፤ ስንጥሩ ደግሞ አንዳንዴ ከሥጋው ቀድሞ ይቃጠላል። ሎሚውን ልጨምር ወይስ ረዘም ላለ ጊዜ ልዘፍዝፈው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም አያድርጉ። በሎሚ ካደረው ሥጋ አንዱን ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቀው ቢመለከቱት፣ ዳር ዳሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ነጣ ብሎ መሐሉ ግን እንደ ቀድሞው ቀይ ሆኖ ያገኙታል። የነጣው ክፍል በሎሚው አሲድ ኃይል ገና እሳት ሳያየው የተለወጠ ስለሆነ፣ ፍም ላይ ሲወጣ ፈጥኖ ይደርቃል። ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባውና ሥጋው ውኃውን እንዲይዝ የሚረዳው ጨው ነው፤ የነጭ ሽንኩርቱም ሆነ የቅመሙ ጣዕም በአብዛኛው ከላይ ይቀራል።

ስለዚህ ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት የጥብስ ቅጠል ይበቃል። በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ። ሎሚውን ከተጠበሰ በኋላ ቢጨምቁበት ጣዕሙ የበለጠ ይጎላል።

እርግጥ ጅማት የበዛበትን ሥጋ የትኛውም መዘፍዘፊያ አያለሰልሰውም፤ እንዲህ ያለው ለወጥ ይሻላል። ሽንጥ ወይም ፊሌቶ መርጠው፣ የሥጋውን ክር አቋርጠው፣ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ አድርገው ይቁረጡት።

ግራጫነቱ የሚመጣው ከእርጥበት ነው። በሥጋው ገጽ ላይ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አያልፍም፤ ጥብስ የምንለው ቡናማ ቀለምና ሽታ ግን ከ140 ዲግሪ አካባቢ በላይ ስለሚጀምር፣ እርጥቡ ሥጋ ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ከመሰካትዎ በፊት በንጹሕ የወረቀት ፎጣ ያድርቁት። ቁራጮቹንም አያጨናንቋቸው፤ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚበስሉበት ጊዜ ስለሚለይ የራሳቸው ስንጥር ይኑራቸው።

ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይታገሡ። ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው፣ የስንጥሩ እጀታ ፍም በሌለበት በኩል እንዲወጣ ያድርጉ። ስንጥሩን 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ መንከር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን እጀታውን ከእሳት ማራቁን የበለጠ አምነዋለሁ። በየ2 ደቂቃው ሲገለባብጡት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ዘይቱ ተንጠባጥቦ ነበልባል ካስነሣ ወደ ባዶው ጎን ያሸሹት። ቴርሞሜትር ካለዎት መሐሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ አውርደው 3 ደቂቃ ያሳርፉት።

ጥሬ ሥጋ የነካውን መዘፍዘፊያ በደንብ ሳያፈሉ በጥብሱ ላይ አይቀቡት።