ልጄ የምታነበው የፌሪዎች ፍቅር

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የምንኖረው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አክስቷ ከውጭ ያመጣችላትን ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዛ ከመስኮቱ ሥር አትነሣም። እንደነገረችኝ ከሆነ ታሪኩ አንዲት የሰው ልጅ «ፌሪ» በሚባሉ የማይሞቱ ፍጡራን አገር አድጋ፣ ሲያንገላታት የኖረውን የእነርሱን ልዑል ስለ መውደዷ ነው። ጎረቤቴ «የጂኒ መጽሐፍ ነው፣ ቀሚያት» አለችኝ። እኔ ግን ያነበበችውን ስታወራልኝ ፊቷ ሲበራ እያየሁ መቀማት አልሆነልኝም። ፌሪ ምንድን ነው? ልከልክላት ወይስ ልተዋት?

እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ እናት፣ አለመቀማትዎ ደግ አድርገዋል። ፌሪዎች የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች በየኮረብታው ሥር ይኖራሉ ብለው ለዘመናት ሲተርኩላቸው የኖሩ ስውር ሕዝቦች ናቸው። በልጆች መጽሐፍ ላይ የምናያት ባለ ክንፍ ትንሽ ፍጡር ኋላ የመጣች ናት፤ በጥንቱ ተረት ብዙዎቹ ቁመናቸው እንደ ሰው፣ ጠባያቸው ግን የሚያስፈራ ስለነበር፣ ሰዉ ስማቸውን በቀጥታ ላለመጥራት «መልካሞቹ ጎረቤቶች» ይላቸው ነበር። ምግባቸውን የቀመሰ ወደ ቤቱ አይመለስም ይባላል። ብረት ስለሚያርቃቸውም እናቶች ፌሪዎቹ ሕፃኑን ሰርቀው በሌላ እንዳይለውጡባቸው ከአልጋው አጠገብ መቀስ ያኖሩ ነበር። በእኛ አገር አራስ ከቤት ስትወጣ ብረት እንደምትይዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህም የቀረበ ዝምድና አለ። ስለ ዛር አመጣጥ በአገራችን የሚነገረው ተረት፣ ሔዋን 30 ልጆች እንደነበሯት፣ ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ቀን ከሁሉ የሚያምሩትን 15ቱን እንደደበቀች፣ እነዚያም በዚያው ከሰው ዓይን እንደተሰወሩ ይናገራል። በአይስላንድም ስለ ስውሮቹ ሕዝቦች የሚተረከው ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ልዩነቱ የአይስላንዷ ሔዋን የደበቀቻቸው ገና ያላጠበቻቸውን ልጆች መሆኑ ነው። የእኛዋ የደበቀችው የሳሳችላቸውን ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጎረቤትዎ ከቅን ልብ እንደተናገሩ አምናለሁ፤ ይሁን እንጂ ልጅዎ የያዘችው ተረት ነው፤ ተረት መሆኑንም በ16 ዓመቷ አሳምራ ታውቃለች።

በዛሬዎቹ የፌሪ ልብ ወለዶች ዘንድ የተለመደ አንድ ሕግ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ የተጻፈ ይመስላል፤ ፌሪ መዋሸት አይችልም፤ የሚያታልለው እውነቱን እየተናገረ ነው። ለምሳሌ ልዑሉ «ከዚህ ቤት በሰላም ትወጫለሽ» ብሎ ቢምልላት ቃሉን ይጠብቃል፤ መቼ እንደምትወጣ ግን አልተናገረም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። ልጅቷ በሕይወት የምትኖረው የእያንዳንዱን ቃል ሰም አልፋ ወርቁን ስትፈልግ ነው። ቅኔ ሰምታ ያደገች አንባቢ ይህን ከማንም ቀድማ ትይዘዋለች፤ ልጅዎን በመጽሐፉ ላይ ያስቀመጣትም አንዱ ነገር ይኸው ይመስለኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ፍቅሩ ነው። «ያንገላታሽ ስለወደደሽ ነው» የሚለው አባባል በየሰፈሩ ስንቷን ሴት እንደጎዳ እርስዎም ያውቃሉ፤ ያማረ ልዑል በልብ ወለድ ውስጥ ሲደግመው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1549 በተጻፈ መጽሐፍ የተጠቀሰው የስኮትላንዱ የ«ታም ሊን» የግጥም ትረካ ግን ፍቅሩን በሌላ መንገድ ይነግረናል። በግጥሙ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ የፌሪዎች ንግሥት የያዘችባትን ወዳጇን ታም ሊንን ልታስመልስ በሌሊት መንገድ ላይ ትጠብቃለች፤ እርሱ በፌሪዎቹ አስማት በእቅፏ ውስጥ እባብ፣ ቀጥሎም አንበሳ፣ ቀጥሎም የጋለ ብረት ሲሆን አትለቀውም። ነገር ግን ምን ምን እንደሚሆን፣ እንደማይጎዳትም አስቀድሞ ነግሯታል፤ እርሷም አውቃና መርጣ ነው የሄደችው። በልጅዎ መጽሐፍ ያለው ልዑልስ? በደሉን አምኖ ይቅርታ ጠይቋታል? ልጅቷስ ልሂድ ብትል መሄድ ትችላለች? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንደ ምርመራ ሳይሆን ታሪኩ እንዳጓጓው ሰው ሆነው ይጠይቋት።

የዕድሜውን ነገር ግን ቸል አይበሉት። የእነዚህ ልብ ወለዶች መደብ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ነው ይባላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ለወጣቶች ተብሎ መውጣት የጀመረ አንድ ዝነኛ የፌሪ ፍቅር ተከታታይ መጽሐፍ፣ በ2020 በአዋቂዎች መደብ እንደገና ታትሟል። በሽፋኑ ብቻ አይፍረዱ፤ አክስቷ ሌላ ከመላክዋ በፊት ለማን እንደተጻፈ ታጣራ።

እንግሊዝኛው ካስቸገርዎ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለሰች እንድታነብልዎ ይለምኗት። «ፌሪ» የሚለውን ምን ብላ እንደምትመልሰው ለመስማት እኔም እጓጓለሁ። ቃሉ ሲጠፋባት የሔዋንን የተደበቁ ልጆች ተረት እርስዎ ይንገሯት፤ በሁለተኛው ስኒ ደግሞ ልዑሉ ላይ ትመለሳላችሁ።