ማስተርስ ልትጀምሪ ላለሽው እህቴ፦ ዳታ መሰብሰብ ሳትጀምሪ ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ ይዘሽ አራት ዓመት ሠርተሻል። አሁን ማስተርስ ልትጀምሪ ነው። የትኛውን ዘርፍ ልያዝ፣ ቴሲስ ልሥራ ወይስ በኮርስ ብቻ ልጨርስ፣ ሒሳቤስ ይበቃኛል ወይ ነው ያልሽው። እኔም ልክ እንዳንቺ ከአራት ዓመት ሥራ በኋላ ነው ወደ ትምህርት የተመለስኩት። የደረሰብኝ እንዳይደርስብሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ዘርፉን በስሙ አትምረጪ። ፓወር፣ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽን ሁሉም ወረቀት ላይ ያምራል። ከኮርስ ዝርዝሩ በፊት ላቦራቶሪውን (ላቡን) ገብተሽ እዪው። መሣሪያው አቧራ ለብሶ ከሆነ ማንም አይሠራበትም ማለት ነው። አድቫይዘሩ በወር ስንት ጊዜ እንደሚያገኛቸው ተማሪዎቹን ለብቻ ጠይቂያቸው። እኔ ፓወርን የያዝኩት ሥራ ላይ ከሞተር ጋር ስለኖርኩ ነው፤ አልቆጨኝም።

2. ሒሳብ። ላፕላስና ፎሪየር ትንሽ ስትነካኪያቸው ይመለሱልሻል። የሚፈትንሽ ፕሮባቢሊቲና ሊኒየር አልጀብራ ነው። ክፍል ሳይጀመር ሁለት ወር ስጫቸው።

3. ቴሲስ ሥሪ። ሰው የሚማረው እዚያ ላይ ነው። እኔም የተቃጠልኩት እዚያው ላይ ነው።

ርዕሴ የኢንዱክሽን ሞተርን ብልሽት ከሚስበው ከረንት ብቻ ማወቅ ነበር። የሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ባር ሲሰበር በከረንቱ የፍሪኩዌንሲ ግራፍ ላይ ከመብራቱ 50 ሄርዝ ግራና ቀኝ ትንንሽ ፒኮች (ሹል ጫፎች) ይወጣሉ። ቦታቸውን የሚወስነው ስሊፑ፣ ማለትም ሮተሩ ከሚሽከረከረው መግነጢሳዊ መስክ ወደኋላ የሚቀርበት መጠን ነው፤ ከ50 ያላቸው ርቀት የስሊፑ እጥፍ ሲባዛ በ50 ነው። ስሊፑ 3 ፐርሰንት ከሆነ 47 እና 53 ላይ ትጠብቂያቸዋለሽ። መጀመሪያ የጤነኛውን ሞተር ዳታ ሰበሰብኩ። ከዚያ የሌላውን ሮተር አንድ ባር በድሪል በስቼ ሁለት ወር ሙሉ ቀዳሁ። በሰከንድ 1,000 ሳምፕል (ናሙና)። 53 ላይ እንደ መርፌ የቆመ ፒክ ወጣልኝ። ጤነኛው ላይ የለም፣ የተሰበረው ላይ አለ። አድቫይዘሬ ደስ አለው። እኔማ ምዕራፍ አራትን ጽፌ ጨርሼ ነበር።

47 ላይ ግን ምንም አልነበረም። ኖይዝ ውጦታል ብዬ አለፍኩት። እህቴ፣ ዳታሽ ውስጥ ያልገባሽን ነገር ስም ሰጥተሽ አትለፊው።

አንድ ቀን የላቡ ቴክኒሻን ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና «ጭነት ስትጨምርበት ይሄ ለምን አይንቀሳቀስም?» አለኝ። ደነገጥኩ። ጭነት ሲጨምር ስሊፕ ይጨምራል፣ ፒኩም ከ50 መራቅ አለበት። የእኔ ግን በባዶም በሙሉ ጭነትም 53 ላይ ተተክሏል። ሰውየው ኦሲሎስኮፑን አምጥቶ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን ኢንቨርተር (ዲሲን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ወደ ኤሲ የሚቀይር መሣሪያ) ለካው። የሚያበራና የሚያጠፋው በ3,947 ሄርዝ ነበር። በሰከንድ 1,000 ሳምፕል የምወስድ ከሆነ ደግሞ 3,947 ከ4,000 በ53 ስለሚያንስ እኔ ጋ 53 ሆኖ ይታያል። አሊያሲንግ! ሳምፕሉ ስለሚያንስ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ዝቅተኛ መስሎ ሲታይ ማለት ነው። የከረንት ሴንሰሬ ሽቦ ሺልድ (ጣልቃ ገብ ሲግናል የሚከላከል ሽፋን) የለውም፣ ከዚያ ኢንቨርተር ኬብል ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የጤነኛውን ሞተር ዳታ በቀዳሁበት ሰሞን ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ነበር። ለማረጋገጥ ሳምፕሊንጉን ወደ 1,200 ቀየርኩት። ፒኩ 53ን ለቆ 347 ላይ ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ የጎረቤቴን ኢንቨርተር ነው ስለካ የከረምኩት።

የሳምፕሊንጉ ፍጥነት ከሲግናሉ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ መብለጥ አለበት የሚለውን ይህን የሳምፕሊንግ ሕግ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፎት ያለቀ ነገር ነው። በዲግሪ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። ግን በሶፍትዌር ፊልተር አጠራዋለሁ የሚል ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ነበር። አይሆንም። ፊልተሩ ከኤዲሲው (ሲግናሉን ወደ ቁጥር ከሚቀይረው) በፊት፣ ሽቦው ላይ መሆን አለበት። አንዴ 53 መስሎ ከገባ በኋላ ከእውነተኛው 53 የሚለየው ምንም ምልክት የለም። በአንድ ሬዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ የተሠራ ፊልተርም አይበቃም፤ ማሳነስ ከሚጀምርበት የመቁረጫ ፍሪኩዌንሲ አሥር እጥፍ በሆነ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚያሳልፈው አንድ አሥረኛውን ነው። ከፍ ባለ ፍጥነት ሳምፕል አድርጊ፣ ከፊቱ ጠንከር ያለ ፊልተር አድርጊ፣ ከዚያ በኋላ በሶፍትዌር ቀንሺው። ሌላው ስህተቴ የአንድ አንድ ሰከንድ ቅጂ መውሰዴ ነው። በአንድ ሰከንድ ቅጂ ለይተሽ የምታዪው 1 ሄርዝ ያህል የተራራቁ ፒኮችን ነው። በአሥር ሰከንድ 0.1 ታያለሽ።

4. ቢሮው። ዳታው ሁሉ ሲበላሽብኝ የጊዜ ማራዘሚያ ልጠይቅ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የአንድ ሰው ፊርማ ይጎድላል ብላ መለሰችኝ። ፊርማውን ሳመጣ ቀኑ አልፏል ተባልኩ። ኃላፊው ጋ ስገባ «ኢንጂነር ነኝ እያልክ ቀን መቁጠር ያቅትሃል?» አለኝ። ጉዳዬን በሁለት ደቂቃ ላስረዳው ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ያን ሴሚስተር እንደገና ተመዝግቤ ከፈልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስህተቱ የኔ ነው፤ ግን ሰው እንደዚያ አይመለስም።

በዚያ ሴሚስተር ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩ። ሺልድ ያለው ኬብል ዘረጋሁ፣ ፊልተሩን በእጄ በየድኩት፣ ጎረቤቴ ያለውን ኢንቨርተር ሆን ብዬ አስበርቼ ለካሁ። በሙሉ ጭነት 47 ላይ ወጣ። ጭነቱን ስቀንስ፣ ስሊፑ 2 ፐርሰንት ሲሆን፣ ወደ 48 ሄደ። ሲንቀሳቀስ ሳየው እንባዬ መጣ። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ ገና ሁለተኛው ስላይድ ላይ «ይህ አሊያስ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሁለቱን ሳምፕሊንግ ፍጥነት ግራፍ ጎን ለጎን አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ዳታው አንድም ጥያቄ አልመጣም። ያ ገጽ አሁን ላቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች ከእሱ ይጀምራሉ። የተሰማኝን ኩራት አልደብቅሽም።

አንቺም ላብ የገባሽ ቀን ሞተሩን ሳታስነሺ ባዶውን ቅጂ። ከዚያ ሳምፕሊንጉን ቀይረሽ ድገሚው። ቦታውን የሚቀይር ፒክ ካየሽ ከየት እንደመጣ ሳታውቂ ወደፊት አትሂጂ። የላቡን ቴክኒሻን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አማክሪው፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። የማራዘሚያ ፎርሙንም ባያስፈልግሽ እንኳ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ወስደሽ ማን ማን እንደሚፈርምበት እዪ፣ የማስገቢያውን ቀን ጻፊ፣ ስታስገቢም ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ሳትይዢ ከቢሮው አትውጪ።