ኮንግረሱ በኮሌጆች ጉዳይ ምን አግብቶት?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድም ቃል እንደማይናገር አንብቤአለሁ። ታዲያ ኮንግረሱ ስለ ኮሌጆች ቁጥጥር የሚከራከረው በየትኛው ሥልጣኑ ነው? ክርክሩስ ለምን መቋጫ አያገኝም?

መልስ፦ ያነበቡት ልክ ነው። እንዲያውም የትምህርት ሚኒስቴሩን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቋቋመው ሕግ መሥሪያ ቤቱ በሥርዓተ ትምህርት እንዳያዝ በግልጽ ይከለክለዋል። የፌዴራሉ መንግሥት የገባው በገንዘብ በር ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ለተማሪዎች ድጎማና ብድር የሚፈቅድ ሲሆን፣ ከዚህ ገንዘብ መቋደስ የሚፈልግ ኮሌጅ የክፍለ ግዛቱን ፈቃድ፣ የዕውቅና ሰጪ ተቋም ምስክርነትና የሚኒስቴሩን ይሁንታ ማግኘት ይኖርበታል። ገንዘቡ ይቅርብኝ ያሉ፣ እንደ ሚቺጋኑ ሂልስዴል ያሉ ኮሌጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ ጠቡ ከገንዘቡ ጋር አብሮ በሚመጣው ግዴታ ላይ ነው። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ለትርፍ የሚሠራ ኮሌጅ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶውን ከፌዴራል ገንዘብ ውጭ ማግኘት አለበት፤ ትምህርቱ የሚረባ ከሆነ ከኪሱ የሚከፍልበት ሰው አይጠፋም ከሚል እሳቤ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ለቀድሞ ወታደሮች የሚከፈለው የትምህርት ገንዘብ፣ ከዚያው ከፌዴራል ካዝና እየወጣ፣ ለረጅም ዘመን «ከውጭ የመጣ» ተብሎ ይቆጠር ነበር። ኮሌጁ ከአንድ የቀድሞ ወታደር ባገኘው በእያንዳንዱ 1 ዶላር ሌላ 9 የድጎማና የብድር ዶላር መሰብሰብ ይችል ነበር ማለት ነው፤ ተማሪ መልማዮቹ ወታደሮችን አጥብቀው ቢያሳድዱ ምን ይደንቃል? ኮንግረሱ ይህን ቀዳዳ የደፈነው በ2021 ነው።

መቋጫ የጠፋው የከፍተኛ ትምህርት ሕጉ በወቅቱ ስለማይታደስ ነው፤ ሙሉ እድሳት ያገኘው ለመጨረሻ ጊዜ በ2008 ነበር። በ2017 የሪፐብሊካኖች፣ በ2019 የዴሞክራቶች ረቂቅ ከኮሚቴ አልፎ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ኮንግረሱ ሲዘገይ ሚኒስቴሩ ራሱ ደንብ እያወጣ ይሠራል፤ ደንብ ደግሞ ከአስተዳደሩ ጋር ይቀየራል። የተመራቂዎችን ገቢ ከዕዳቸው ጋር የሚያነጻጽረው ደንብ በ2014 ወጥቶ በ2019 ተሻረ፤ በ2023 ተመልሶ ወጣ። በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የአራት ዓመት ትምህርት የጀመረ ወጣት ሳይመረቅ መመዘኛው ይለወጥበታል።

የሚገርመው፣ ቁጥጥር ይላላ ሲሉ የኖሩት ሪፐብሊካኖች በ2025 ብቻቸውን ባጸደቁት ሕግ የገቢ መለኪያ ማስገባታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በሁለቱ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ አልፎ ካልተማረ ሠራተኛ ያነሰ ገቢ ያገኙበት የትምህርት ክፍል የብድር መብቱን ያጣል። አጫጭሮቹን የሰርተፍኬት ትምህርቶች፣ ብዙ አቤቱታ የሚሰማባቸውን፣ ግን ሕጉ ከዚህ መለኪያ ውጭ ትቷቸዋል።